በጥራዙ ጀርባ ውስጥ ያለው ደብዳቤ

እትዬ ሙጫ ቀኝ እጄን በመዶሻ የሰበረችው ማክሰኞ ቀን፣ ከምሳ በፊት ነው። ቀኑን የማልረሳው ማክሰኞ ማክሰኞ አዲስ የማውጫ ካርድ ይዤ ወደ ጥረዛ ክፍል የምወርድበት ቀን ስለነበረ ነው። ካርዶቹን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግቼ በጣቴ እያሳየኋት ሳለሁ መዶሻውን አነሳችና ባለ በሌለ ኃይሏ አወረደችብኝ። ሁለት ጣቴ ወዲያው ተሰበረ። ሦስተኛውን የሰበረችው ደግማ ነው። እየጮኽኩ ወለሉ ላይ ስወድቅ ከላዬ ቆማ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

«ይህ እጅ ነው የጻፈው» አለች።

ለዳይሬክተሩ መጭመቂያው ወደቀብኝ አልኩት። የጥረዛ መጭመቂያው ሦስት ሰው የማያነሳው ብረት ነው፤ ከተተከለ ወዲህ ከቦታው እንዳልተነቃነቀ ዳይሬክተሩም ያውቃል። ግን ዘመኑ ጥያቄ የማይወደድበት ነበርና «እግዜር ይማርህ» ብሎኝ አለፈ። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ይህንንም የጻፍኩት በእሱ ነው። ስለ እሷ ሕይወት ልጽፍ ተነስቼ ከራሴ ጣት መጀመሬ ያው የተለመደው ጠባዬ ነውና ታገሱኝ።

የምንሠራበት ቤተ መጻሕፍት ከዘጠና ዓመት በላይ ያስቆጠረ የድንጋይ ሕንጻ ነው። ላይኛው ፎቅ የንባብ አዳራሽ ነው፤ ከሥሩ እኔ የምቀመጥበት የማውጫ ክፍል አለ፤ ምድር ቤቱ ደግሞ የጋዜጣ ክምችቱ ነው። ጋዜጦቹ ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ በየስድስት ወሩ ተጠርዘው በብረት መደርደሪያ ላይ ተኝተዋል፤ አንዱ ጥራዝ የሁለት ዓመት ሕፃን ያህል ይከብዳል። ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ አንዲት መስኮት ብቻ ያላት ክፍል አለች። እትዬ ሙጫ ስትሰፋ፣ ስትለጥፍ፣ ስትቀጠቅጥ ዕድሜዋን የፈጀችው እዚያ ነው።

ስሙን ያወጡላት አንባቢዎች ናቸው። አንደኛ፣ ከዱቄት የምታፈላው ሙጫ ከልብሷ ጠፍቶ አያውቅም። ሁለተኛ፣ ነገር ከያዘች አትለቅም። አንድ የተከበሩ የሕግ ሰው ጣታቸውን በምራቅ እያረሱ ገጽ ሲገልጡ ደርሳባቸው በአዳራሹ ሰው ሁሉ ፊት በጥፊ አጮለቻቸው። ዳይሬክተሩ ይቅርታ ጠይቂ ቢላት መጀመሪያ እሳቸው ጋዜጣውን ይጠይቁ አለች። ሰውየው ከዚያም በኋላ ለዓመታት መጡ፤ በር ላይ ጣታቸውን በመሐረብ ጠርገው ነበር የሚገቡት። እኔ እስከዚያች ማክሰኞ ድረስ እንደ አንድ ቀልደኛ ሴት ነበር የማያት።

ያሳደጋት ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት እሷ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ እሱ አሥራ ስምንት። ጋሼ ነው የምትለው። ጸጉሯን አበጥሮ ትምህርት ቤት የሚልካት እሱ፣ ማበጠሪያው ሲጎትታት ስትጮህ አብሯት የሚጮኸው እሱ፣ ልብሷን የሚያጥበውም እሱ ነበር። ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆኖ ተቀጠረ፤ የእርሳስ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ከሳጥን እየለቀመ ጋዜጣውን የሚደረድር ማለት ነው። እሷ በአሥራ ሰባት ዓመቷ እኛ ዘንድ ስትቀጠር ጋሼ የደረደረውን እኔ እሰፋዋለሁ እያለች ትኮራ ነበር። ሥራውን ያስተማራት አሮጌ ጠራዥ ሲናደድ የጨበጠውን ሁሉ የሚወረውር ሰው ነበር፤ ግንባሯ ላይ ያለው ጠባሳ የእሱ መቀስ ያረፈበት ነው።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። ጽሕፈቴ ቆንጆ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ካርድ ጸሐፊ ሲፈልግ ተወዳድሬ አንደኛ ወጣሁ፤ ለመቀጠር ግን ከሰፈሩ ጽሕፈት ቤት የታማኝነት ወረቀት ተጠየቅኩ። ክፉ ዘመን ነበር። ሰው ከቤቱ ይወሰዳል፣ ጠዋት መንገድ ዳር ተጥሎ ይገኛል፣ እናት ልጇን ጮኻ እንድታለቅስ አይፈቀድላትም። የጽሕፈት ቤቱ ሹም ታማኝነቴን ላስመስክር ከሆነ የሦስት ጸረ መንግሥት ሰዎች ስም በእጄ ጽፌ እንዳመጣ አዘዘኝ። ብልጥ ነኝ ብዬ የሁለት የሞቱ ሰዎች ስም ይዤ ሄድኩ። እንባው እስኪመጣ ሳቀና ሦስተኛው እስትንፋስ ያለው ይሁን አለኝ።

አንድ ፊደል ለቃሚ ነበር። ከዚያ በፊት ማተሚያ ቤት ሥራ ልጠይቅ ስሄድ ጽሕፈቴን አይቶ «ለሠርግ መጥሪያ ይሆናል» ብሎ አሹፎብኛል። ሌላ ምንም አላደረገኝም። ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ጻፍኩ። የሚሠራበትን ቦታና ከሥራ የሚወጣበትን ሰዓት ጨመርኩ። የተከለከለ ወረቀት በድብቅ ያትማል አልኩና ፈረምኩ። በሦስተኛው ቀን ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ጠበቁት። መንጋጋውን በጠመንጃ ሰደፍ ሰብረው፣ ፊቱን አስፋልት ላይ እየጎተቱ መኪና ላይ ጫኑት። ሬሳው እንኳን አልተገኘም። እህት እንዳለችው፣ እህቱም ከእኔ በታች ባለው ክፍል እንደምትሠራ ያወቅኩት ተቀጥሬ ከገባሁ በኋላ ነው።

ነገሩን መሬት የዋጠው መስሎኝ ስድስት ዓመት ተኛሁ። ከዚያ በአገር ወረቀት ጠፋ። ጠራዥ ጥራዙን ሰፍቶ ሲጨርስ ጨርቁን ከማልበሱ በፊት ጀርባው ላይ ውዳቂ ወረቀት ይለጥፋል፤ ጀርባው እንዳይሰበር ነው። በዚያ ዓመት እትዬ ሙጫ ያረጁትን ጥራዞች ጀርባ እያደሰች ሳለች ውዳቂው እንኳን አልተገኘም። ዳይሬክተሩ ደብዳቤ ጽፎ ከሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ሊቃጠል የተዘጋጀ ሰባት ጆንያ አሮጌ ወረቀት አስመጣ። እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራው የቤተ መጻሕፍት ሰው ብቻ ነው፤ ለኛ ወረቀት ከሆነ ወረቀት ነው፣ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም። አብዛኛው የስኳር መቀበያ ቅጽ ነበር። በመሐል በመሐሉ ግን ጎረቤት ጎረቤቱን የጠቆመበት ደብዳቤ ነበረበት።

እትዬ ሙጫ ደግሞ ያላነበበችውን አትለጥፍም። ማን ማንን እንዳስገደለ እያነበበች፣ ሙጫ እየቀባች አራት ወር ለጠፈች። ለማን ትናገር? የጻፉትም ያስጻፉትም ገና ወንበራቸው ላይ ነበሩ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት የጋሼን ስም አነበበች። ፊርማውን ማየት አላስፈለጋትም፤ ጽሕፈቱን ከካርዶቼ ታውቀዋለች። እኔም የዚያኑ ቀን በራሴ እግር ወረድኩላት። እጄን ሰብራ ስታበቃ ደብዳቤውን ከምታድሳቸው ሁለት መቶ አሥራ አንድ ጥራዞች በአንዱ ጀርባ ለጠፈችው። የትኛው እንደሆነ አልነገረችኝም።

መንግሥት ወደቀ፣ ሌላ መጣ። ሰው ሁሉ አደባባይ ወጥቶ ሲጨፍር እኔ በሬን ዘግቼ ቤቴ ተቀመጥኩ። አሁን ትናገራለች ብዬ ስጠብቅ ወር አለፈ፣ ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ሐኪም ቤት ሄደች ሲሉኝ ምላጭ ይዤ ወረድኩ። የአንዱን ጥራዝ ጀርባ መሰንጠቅ ስጀምር ከኋላዬ መጥታ የመስፊያ ወስፌዋን ጭኔ ውስጥ እስከ እጀታው ሰካችው። «እጅህን ሰብሬ ተውኩህ። ጥራዝ ከነካህ ግን አንገትህ ነው» አለችኝ። ይህን ያለችኝ ደሜ ጋዜጣው ላይ እንዳይንጠባጠብ ጭኔን በጨርቅ ጥርቅም አድርጋ እያሰረች ነው። ለምን እንደማታጋልጠኝ ግን ጠይቄያት አላውቅም። የምትመልሰውን ፈራሁ።

እጄ ከተሰበረ ወዲህ እንዲህ ሆነን ሃያ ስድስት ዓመት ሠራን። ደህና ዋልሽ እላታለሁ፣ አንዳንዴ ትመልሳለች።

አንድ ቅዳሜ የጭነት መኪና ሾፌር የሆነ አንባቢ የድሮ እግር ኳስ ውጤት ልይ ብሎ አንድ ጥራዝ አስወጣ። ጥራዙ ከእጁ አምልጦ ወደቀ፤ ጀርባው ተላቀቀ። ከጨርቁ ሥር በእጅ የተጻፈ ወረቀት አየ። አባቱ የተጠቆመበት ደብዳቤ ነበር፤ የፈረመበት የሰፈራቸው ልብስ ሰፊ ነው፣ ለሾፌሩ የትምህርት ቤት ልብስ ሲሰፋለት የኖረው ሰውዬ። ሾፌሩ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ጥራዙን በሥርዓት መለሰልኝ፤ አመሰግናለሁም አለኝ። ከዚያ ልብስ ሰፊው ሱቅ ሄዶ፣ የጋለውን ካውያ ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ደንበኞች ፊት ጭንቅላቱን ደጋግሞ መታው። ሽማግሌው በሁለተኛው ቀን ሞተ። ሾፌሩ ደብዳቤውን ይዞ ደፉ ላይ ተቀምጦ ፖሊስ ጠበቀ።

ሰኞ ጠዋት፣ ደብዳቤው ከየት እንደወጣ የሰማ ሃምሳ የሚሆን ሰው የቤተ መጻሕፍቱን በር በመጥረቢያ ሰብሮ ገባ። ሁሉም አባት፣ ወንድም፣ እህት የተወሰደበት ነው። ከፊት የሚመራው ቀይ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነበር፤ ስሙን ማንም ስላልጠራው ለእኔ ቀይ ሸሚዝ ሆኖ ቀረ። ዳይሬክተሩ እባካችሁ ሊል አፉን ሲከፍት በቦክስ አፍንጫውን ሰበሩት፤ መነጽሩን ረግጠው፣ ጎኑን በርግጫ ብለው አለፉት። ምድር ቤት ወርደው ጥራዞቹን ከመደርደሪያ እያወረዱ በቢላ ጀርባቸውን መገሽለጥ ያዙ። የስንት ዓመት ጋዜጣ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ፤ በጫማ ተረገጠ። አንድ ጥራዝ በተሰነጠቀ ቁጥር እኔ አንገቴን ሰግጌ ጽሕፈቱ የእኔ እንደሆነ አይ ነበር።

እትዬ ሙጫ ያን ጊዜ ስልሳ ሊሞላት ጥቂት ነበር የቀራት። ከክፍሏ መዶሻዋን ይዛ ወጣችና የመጀመሪያውን ሰው ጉልበቱን መታችው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ፤ ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሁለት ሰው አንስቶ ከመጭመቂያው ብረት ጋር አላተማት። ሁለት ጥርሷ ረገፈ። ቀይ ሸሚዝ ጸጉሯን ይዞ ቢላውን አንገቷ ላይ አደረገና ይህን ሁሉ ዓመት እያወቅሽ ነው የበላሽው የጠጣሽው አላት። ደሟን ተፋችና በእጁ የያዘውን ወረቀት ባገጯ አሳየችው።

«አንብበው እስቲ» አለችው። «በደረቁ ስትገነጥሉት ቀለሙ ሙጫው ላይ ይቀራል። የአባቶቻችሁን ገዳይ ስም በገዛ እጃችሁ እያጠፋችሁ ነው። በእንፋሎት ሙሉውን ማውጣት የምችል እኔ ብቻ ነኝ።»

ወረቀቱን ገለበጠው። ዝንጥል ያለ ሰማያዊ ጭረት እንጂ ፊደል የለበትም። ዘጠኝ ጥራዝ ቀደዋል፤ ከዘጠኙ አንድ ስም አልተነበበም። ቢላውን አወረደ። ስምምነቱ ይህ ሆነ፦ እሷ አንድ በአንድ ታወጣለች፣ እነሱ ንባብ አዳራሽ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፣ ጥራዝ የሚነካ ቢላ ግን አይኖርም። ፖሊስ መጥቶ በር ላይ ሁለት ሰው አቁሞ ሄደ፤ ሁለቱም አባታቸው የተወሰደባቸው ነበሩና ወንበር ስበው ከሰዎቹ ጋር ተቀመጡ። ጥራዞቹን ከመደርደሪያ አውርዶ ወደ ክፍሏ የሚያመላልስ ሲፈለግ ቀይ ሸሚዝ ወደ እኔ ጠቆመ። አንተ ሰነፍ፣ ና ተሸከም አለኝ። ከምሸከማቸው በአንደኛው ውስጥ ሞቴ አለ። የትኛው እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

የመጀመሪያው ቀን ሦስት ደብዳቤ ወጣ። ማንቆርቆሪያውን ታፈላለች፣ እንፋሎቱን ጀርባው ላይ ትለቅበታለች፣ ሙጫው ሲለሰልስ በቀጭን ቢላ ትገባና ወረቀቱን እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ሳብ ታደርገዋለች። ቀይ ሸሚዝ አዳራሹ ውስጥ ቆሞ ስሞቹን ጮክ ብሎ አነበበ። ሁለቱ ጠቋሚዎች ሞተዋል። ሦስተኛው ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነበር። ከቤቱ አውጥተው ሁለት ክንዱን በብረት ዘንግ ሰበሩት፤ በእጅ ጋሪ ጭነው፣ ሰው እንዲያየው በቤተ መጻሕፍቱ ፊት አሳለፉት። ሚስቱ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ከጋሪው ኋላ ትሮጥ ነበር። እትዬ ሙጫ በመስኮቷ ቆማ እስኪርቁ ድረስ አየቻቸው።

ከዚያ በኋላ ውሃው ከመጠን በላይ ይፈላ ጀመር። ቀጭኑን ቢላ አስቀምጣ በሰፊው ትፍቅ ጀመር። ደብዳቤዎቹ ገንፎ ሆነው ባልዲ ውስጥ ይወድቃሉ፤ ለሰዎቹ ስኳር ነው፣ ባዶ ነው ትላቸዋለች። አብዛኛው በእርግጥም የስኳር ቅጽ ስለነበረ አመኗት። ሁለት ቀን ሙሉ የሰው ስም ስታሟሟ ከበር ቆሜ አየሁ። ደስ ያለኝ ይመስላችኋል፤ አላለኝም። የሌላውን ሁሉ ብትምርም የእኔን እንደማትምር እርግጠኛ ነበርኩ። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን አልምርም ነበር።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ጥራዝ ይዤላት ገባሁ። ስታየው እጇን በጨርቅ አደረቀች። ጋሼ ለመጨረሻ ጊዜ ፊደሉን የደረደረበት የስድስት ወር ጋዜጣ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያላሰብኩት እኔ ደደብ ነኝ፤ ሌላ የት ትለጥፈው ኖሯል? ሰፊውን ቢላ ትታ ቀጭኑን አነሳች። ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ወረቀቱ አንድ ጫፍ ሳይጎድልበት ወጣ፤ መምጠጫ ወረቀት ላይ ዘረጋችው። ቆንጆው ጽሕፈቴ ፊቴ ተኛ። ከላይ የቀይ ሸሚዝ ሳቅ ይሰማል። እዚሁ ጠብቀኝ አለችና ደረጃውን ወጣች፤ ደቂቃም ሳትቆይ ተመለሰች። አለቀልኝ አልኩ በሆዴ።

ከመሳቢያዋ ባዶ የማውጫ ካርድ አውጥታ ብዕር አስደግፋ ፊቴ አኖረችው።

«ካርድ ጻፍለት» አለች።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። እንደማንኛውም የክምችቱ ወረቀት ካርድ እንደሚያስፈልገው ነገረችኝ። ጸሐፊ በሚለው ላይ የእኔ ስም ይገባል፣ ስለ ማን በሚለው ላይ የጋሼ ስም ከነአባቱ ከነአያቱ፣ ከዚያ ቀኑ፣ ከዚያ የተቀመጠበት መደርደሪያ ቁጥር። ደብዳቤው ካርቶን ውስጥ ይታሸጋል፣ ካርዱ መሳቢያው ውስጥ ይገባል። ያገኙታል አልኳት። መሳቢያ የሚከፍተው የሚፈልግ ሰው ነው፣ እነዚህ ካርድ ማገላበጥ አያውቁም አለች። ከዚያ ብዕሩን በጣቷ ወደ እኔ ገፋችው።

ብዕሩን አነሳሁ። የስሜን የመጀመሪያ ፊደል ስጽፍ ደረጃው ላይ የጫማ ኮቴ ሰማሁ። ጠርታዋለች ማለት ነው፤ እያጻፈች ልታስይዘኝ ነው። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት እጄ ያደረገው ነው ብል ውሸት ነው፤ እያወቅኩ ነው ያደረግኩት። ደብዳቤውን ጨብጬ አጠገቧ የሚፈላው የሙጫ ድስት ውስጥ ከተትኩትና በጣቶቼ እያሸሁ አማሰልኩት። ቆዳዬ ተላጠ፤ አልተውኩም። ቀለሙ ሙጫውን አመድማ አደረገው። ኮቴው በበሩ አልፎ ወደ ጓሮ ወጣ። ሰውየው ሲጋራ ሊያጨስ ነው የወረደው።

ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«ባዶ ነው ብያቸው ነው እኮ የመጣሁት» አለች። ድስቱን እንጂ እኔን አላየችም። «መቃብር የለው። ማተሚያ ቤቱ ስሙን ከመዝገብ ፍቆታል። ቤት የፈተሹ ጊዜ ፎቶውን ይዘውት ሄደዋል። ስሙ ያለበት ወረቀት በዓለም ላይ ያ ብቻ ነበር።»

ከዚያ ድስቱን ደፍታ አጠበችና የሚቀጥለውን ጥራዝ እንዳመጣ አዘዘችኝ። ሄጄ አመጣሁላት። በስምንተኛው ቀን ስኳር ብቻ የሰለቻቸው ሰዎች ተበተኑ። እሷ የተቀደዱትን ዘጠኝ ጥራዞች መልሳ ሰፋች፤ ሦስት ዓመት ፈጀባት፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ዘጠነኛውን በጨረሰች በሳምንቱ ታማ ሞተች።

ቀብሯ ላይ የሕይወት ታሪኳን የሚያነብ ሰው ተመረጠ፤ አዲስ የተቀጠረ ጸሐፊ ነው። ብዕሩን ይዞ ወደ እኔ መጣ። «ጋሼ፣ ዕድሜ ልክዎን አብረዋት ሠርተዋል፣ እህት ወንድም ነበራት ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አልነበራትም» አልኩት።